ማሞቂያ ክፍል የገባ ልጅ፦ የወላጅ የመጀመሪያ ቀናት ሥራ

ልጃችሁ ያለ ጊዜው ተወልዶ «ማሞቂያ ክፍል ገብቷል» ስትባሉ ከሁሉ በፊት ሁለት ቁጥር ያዙ፤ በስንት ሳምንቱ ተወለደ፣ ስንት ግራም መዘነ። ከዚያ በኋላ የሚነገራችሁ ሁሉ የሚፈታው በእነዚህ ነው። 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሁሉ «ያለ ጊዜው» ይባላል፤ ግን የ35 ሳምንቱና የ28 ሳምንቱ ልጅ ጉዳይ ለየቅል ነው። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት፣ ወተትና የደም ስኳር ክትትል ይበቃዋል። የሁለተኛው ግን ሳንባው፣ አንጎሉ፣ አንጀቱና ዓይኑ ገና በመሠራት ላይ ስለሆኑ ለሳምንታት መታገዝ አለበት። «የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ግን አያድግም» የሚለውን የሰፈር ሒሳብ ተዉት፤ ማህፀን ውስጥ የቆየባት እያንዳንዷ ሳምንት ለልጁ ትርፍ ናት።

የመጀመሪያው ቀን

እናት ማዋለጃ ክፍል ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ተኝታ ሳለ ልጁ ወደ ሌላ ፎቅ፣ አንዳንዴም ወደ ሌላ ሆስፒታል ይወሰዳል። አባት ልጁን ይከተል፤ እህት ወይም እናት ደግሞ ወላዷ ዘንድ ትቅር። ልጁ የሚመዘገበው በራሱ ስም ሳይሆን የእናቱ ስም ተጠርቶ «የእከሊት ልጅ» ተብሎ ነው፤ ስለዚህ በር ላይ የአባትን ስም ጠርታችሁ «የለም» ብትባሉ አትደንግጡ። የእናትን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ከካርድ ቁጥሯ ጋር ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ልጁ እጅ ወይም እግር ላይ የታሰረውን መለያም አይታችሁ አረጋግጡ። መንታ ከሆኑ «አንደኛ» እና «ሁለተኛ» የሚለው በወተቱም በመድኃኒቱም ላይ ይጻፍ።

በመሃል አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ፣ ጋንዲ፣ ዘውዲቱና የካቲት 12 ብዙም የማይራራቁ ሆስፒታሎች ናቸው፤ ቅርብ ናቸው ማለት ግን ባዶ አልጋ አላቸው ማለት አይደለም። «ወደ ሌላ ቦታ ይላካል» ከተባለ ልጁን በጋቢ ጠቅልላችሁ በታክሲ ከበር በር አትዙሩ። ሥራው ታካሚን ከሌላ ሆስፒታል ጋር የሚያገናኘው የሊያዞን ክፍል ነው፤ እዚያ ሄዳችሁ «ተቀባዩ ሆስፒታል አልጋ መኖሩን በስልክ አረጋግጧል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከመነሳታችሁ በፊት የሪፈር ወረቀቱ ላይ የተሰጠው መድኃኒትና ሰዓቱ፣ የመጨረሻው የደም ስኳር እና የሙቀት ልክ መጻፉን እዩ። መንገድ ላይ ትልቁ ጠላት ብርድ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ከቆዳው ሥር የሚያሞቀው ስብ የለውም፤ ሲበርደው ያለችውን ስኳርና ኦክስጅን ለሙቀት ያቃጥላታል፣ ከዚያ ትንፋሹ ይከብዳል። ማመላለሻ ማሞቂያ ከሌለና የሚልኩት ሐኪሞች ከፈቀዱ ልጁ ኮፍያ አድርጎ የአባቱ ወይም የአክስቱ ገላ ላይ ተለጥፎ ይሂድ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የከተማው እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው።

ወደ ውስጥ ስትገቡ

ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር በር ላይ ይውለቅ፤ ጥፍር አጭር ይሁን። እስከ ክርን በሳሙና ቢያንስ ለ40 ሰከንድ ታጠቡ፣ በንጹሕ ነገር አድርቁ። ውስጥ ሳላችሁ ስልክ ከነካችሁ እንደገና እጃችሁን አጽዱ፤ በጣም የሚረሳው ይሄ ነው። ጋቢና ነጠላ ከታክሲም ከሰልፍም አቧራ ይዞ ስለሚመጣ ውጭ ይቀመጥ። ጉንፋን የያዘው ሰው፣ ወላጅም ቢሆን፣ መጀመሪያ ለሲስተር ይንገር።

አብዛኞቹ ክፍሎች ከእናትና ከአባት ሌላ ሰው አያስገቡም። ዘመድ ይቆጣል፣ «እኔ አያቱ ነኝ!» ይላል። ሕጉን ያወጣው ሆስፒታሉ ነው በሉና ዘመዱን በሌላ ሥራ አሰማሩት፤ ለእናት አጥሚት በፔርሙዝ የሚያመላልስ ሰው ከአስር ጠያቂ ይበልጣል።

ልጁ ዙሪያ ያለው ዕቃ መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል፤ ምን ምን እንደሆነ ካወቃችሁ ይቀላል። እግሩ ወይም እጁ ላይ የታሰረችው ቀይ መብራት ደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ትለካለች። ኦክስጅን እየተሰጠው ላለ ያለ ጊዜው ለተወለደ ልጅ የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 95 በመቶ ነው። 100 ሲያሳይ ደስ አይበላችሁ፤ የበዛ ኦክስጅን በዓይኑ መጋረጃ ላይ ያሉትን ለጋ የደም ሥሮች ይጎዳል። ሲስተሯ ኦክስጅኑን የምትቀንሰው ለዚህ ነው እንጂ ሲሊንደር ለመቆጠብ አይደለም። የልብ ምቱ በደቂቃ ከ120 እስከ 160፣ ትንፋሹ ከ40 እስከ 60 አካባቢ ይሆናል፤ ሲያለቅስና ሲተኛ ይለዋወጣል።

አፍንጫው ላይ ሁለት አጫጭር ቱቦ ገብቶ ሌላው ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ የሚንቀለቀል ከሆነ ሲፓፕ ይባላል። ቱቦው ውሃ ውስጥ ብዙ ጊዜ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጠልቃል፤ ያ ግፊት የልጁ የሳንባ ከረጢቶች ትንፋሽ ባስወጣ ቁጥር እንዳይጣበቁ ይይዛቸዋል። እዚህ ላይ ወላጅ በዓይኑ ብቻ ትልቅ ሥራ መሥራት ይችላል። መንቀልቀሉ ከቆመ የሆነ ቦታ አየር እያመለጠ ነው፤ ወይ ቱቦው ከአፍንጫው ወጥቷል፣ ወይ መጋጠሚያው ላልቷል፣ ወይ የልጁ አፍ ተከፍቷል። በራሳችሁ አትግጠሙት፤ ወዲያው ሲስተር ጥሩ። የአፍንጫው ቀዳዳ መሃል ቀልቶ ወይም ነጥቶ ካያችሁም ተናገሩ፤ ቱቦው አጥብቆ ሲጫን ቆዳው ይቆስላል።

ማንቂያው ሲጮህ መጀመሪያ ልጁን እዩ፣ ከዚያ ስክሪኑን። ከንፈሩ ሮዝ ሆኖ ደረቱ እየተነሳ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የእግሩ ማሰሪያ ተንሸራትቶ ነው። መተንፈስ ካቆመ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን በድምፅ ጥሩ። ከ34 ሳምንት በታች በተወለዱት ዘንድ ትንፋሽ ለ20 ሰከንድና ከዚያ በላይ መቋረጥ የተለመደ ነው፤ መተንፈስ የሚያዘው የአንጎል ክፍል ገና ስላልበሰለ ነው። ሲስተሯ ጀርባውን ወይም የውስጥ እግሩን ስታሸው አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ካፌይን ወይም አሚኖፊሊን የሚታዘዘውም ለዚሁ ነው።

ወተት

ስለ ማሽኑ ማድረግ የምትችሉት ጥቂት ነው። ወተቱ ግን ሙሉ በሙሉ የእናት ነው፤ ጊዜውም አይጠብቅም። እናት ከወለደች በ1 ሰዓት ውስጥ፣ ካልሆነላትም በ6 ሰዓት ውስጥ ማለብ ትጀምር። «ልጁ ገና አይጠባም፣ ለምን ታልባለች?» ይላሉ አንዳንድ ዘመዶች። ጡት የሚያመርተው በተጠባ ወይም በታለበ ልክ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ካለፉት በሁለተኛው ሳምንት ማካካስ በጣም ይከብዳል።

አስተላለቡ እንዲህ ነው። እጅ ይታጠባል። ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ፎጣ ጡት ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይደረጋል፣ ከዚያ ጡቱ ከዙሪያው ወደ ጫፉ በቀስታ ይታሻል። አውራ ጣት ከላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከታች ሆነው ከጡት ጫፍ ሥር 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ርቀው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ወደ ደረት ገፋ፣ ቀጥሎ ጣቶቹን ማገናኘት፣ ከዚያ መልቀቅ። ጣት ቆዳው ላይ አይንሸራተት፤ ከተንሸራተተ ይልጣል እንጂ ወተት አያወጣም። የጡት ጫፉን ራሱን መጭመቅም ከንቱ ነው። አንዱ ጡት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ታልቦ ሲደክም ወደ ሌላው፣ ደግሞ መመለስ፤ ባጠቃላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። ይህ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 8 ጊዜ፣ አንዱ የግድ ሌሊት።

በመጀመሪያው ቀን የሚወጣው ጠብታ ነው። «ወተት የለኝም» ብላ የምታቆም እናት ብዙ ናት፤ የሚያሳዝነው ያ ጠብታ እንገር መሆኑ ነው። ወፍራም፣ ቢጫ፣ ልጁን ከተዋህሲያን የሚከላከል ነገር የታጨቀበት። በማንኪያ ወይም በቀጥታ በ1 ወይም በ2 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ተለቅሞ፣ ገና ምግብ ላልተጀመረለት ልጅ እንኳ ሐኪሙ ከፈቀደ ጉንጩን በጥቂት ጠብታ ያረጥቡታል። ወተቱ በብዛት የሚመጣው በ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ነው፤ በቀዶ ሕክምና ለወለደች ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። ወደ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ በቀን 500 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ከደረሰ ሥራው ሰምሯል።

ልጁ ስንት ይወስዳል? ልኩን የሚያዝዘው ሐኪሙ ነው፤ ሒሳቡን ማወቅ ግን ያረጋጋል። 1,600 ግራም የሆነ፣ ትንፋሹ የተረጋጋ ልጅ በኪሎ 60 ሚሊ ሊትር ቢጀመርለት በቀን 96 ሚሊ ሊትር፣ በየ3 ሰዓቱ 12 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ አንድ የቡና ሲኒ እንኳ አይሞላም። ከዚያ ያነሱት ከዚህ እጅግ ባነሰ ይጀምራሉ። መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን ማቀናጀት የሚቻለው ከ32 እስከ 34 ሳምንት ገደማ ስለሆነ እስከዚያ ወተቱ በአፍ ወይም በአፍንጫ በገባ ቀጭን ቱቦ ይወርዳል። ሲሪንጁ ከፍ ተደርጎ ወተቱ በራሱ ክብደት ይውረድ፤ በፒስተኑ ተገፍቶ ከገባ ሆዱ ይወጠራል፣ ሊያስመልሰውም ይችላል። ወላጅ እንዲሰጥ ከተፈቀደም ቱቦው ቦታው ላይ መሆኑን ሁልጊዜ ሲስተሯ ታረጋግጥ። ከቱቦ ቀጥሎ የሚመጣው ሲኒ ነው፣ ጡጦ አይደለም፤ ጡጦ ለማጽዳት አስቸጋሪ ነው፣ ጡት መያዝንም ያስረሳል።

ስለ ቆርቆሮ ወተት ግፊቱ ብዙ ነው። ሐኪሙ ካላዘዘ አትግዙ። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ አንጀት በቆርቆሮ ወተት የመቁሰልና የመበስበስ ዕድሉ ከእናት ወተት ይልቅ ከፍ ያለ ነው።

የታለበ ወተት ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለታመመ ልጅ እስከ 48 ሰዓት ይቆይ። በሩ ላይ ሳይሆን ከኋላ በኩል ይቀመጥ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። መብራት የሚጠፋበት ቤት ከሆነ ማቀዝቀዣውን አትመኑት። ከቤት ስታመጡ በረዶ ባለበት ሰፊ አፍ ፔርሙዝ ወይም ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ ይሁን። ለመስጠት ሲፈለግ ዕቃው ሙቅ ውሃ ውስጥ ቆሞ ለብ ይበል፤ ማይክሮዌቭም ምድጃም አይነካው።

ዕቃው ላይ የእናት ስም፣ ቀንና ሰዓት ይጻፍ። እዚህ ላይ አንድ ተንኮለኛ ስሕተት አለ፦ የሕክምና ቻርት የሚሞላው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ እናት የምትጽፈው በእኛ። «9 ሰዓት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ከጠዋቱ 3 ይሁን ከቀኑ 9 የሚያውቅ የለም። «ከቀኑ 9፣ በፈረንጅ 15» ብላችሁ ጻፉ። በየ3 ሰዓቱ የሚሰጥ ምግብ በእኛ 12፣ 3፣ 6፣ 9 ላይ ሲውል ለማስታወስም ይመቻል።

ገላ ለገላ

ልጁን ገላ ለገላ ደረት ላይ አጣብቆ መያዝ፣ የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው፣ የተጀመረው በ1978 እ.ኤ.አ. ቦጎታ ውስጥ ማሞቂያ በማነሱ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሰው «የድሃ ማሞቂያ» ይመስለዋል። አይደለም። በጥቁር አንበሳ ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው አጥንተው በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ ቀድሞ መጀመሩ ሕይወት እንደሚያተርፍ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ልጁ ራሱን ችሎ የማይተነፍስ ወይም ሾክ ውስጥ የገባ (የደም ዝውውሩ የደከመ) ካልሆነ በቀር ከተወለደ ጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይደረግ ይላል። ስለዚህ ጥያቄው «ካንጋሮ ክፍል አለ? መቼ እንጀምር?» ነው። ሲፓፕ ላይ ያለ ልጅም በሲስተር እየታገዘ ሊያዝ ይችላል።

እናት ወይም አባት በ30 እስከ 45 ዲግሪ ጋደም ይበሉ፤ ቀጥ ብሎ መተኛት አይሆንም። ልጁ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ለብሶ ደረት መሃል ቁመቱን ይለጠፋል። ጭንቅላቱ ወደ አንድ ጎን ዞሮ አገጩ ትንሽ ቀና ይበል፤ አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ የትንፋሽ ቧንቧው ይታጠፋል። እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ተከፍተው ይታጠፉ፣ እጆቹም እንዲሁ። በንጹሕ ነጠላ ወይም በመቀነት ሲታሰር የጨርቁ የላይ ጫፍ ጆሮው ሥር ይድረስ፤ ጥብቅ የሚለው ደረቱ ላይ እንጂ ሆዱ ላይ አይሁን፣ ትንፋሹ በሆዱ ነውና። አፍንጫውና አፉ ሁልጊዜ ይታዩ። ከላይ ሸሚዝና ጋቢ (ለክፍሉ ብቻ የመጣ ንጹሕ ጋቢ) ይደረብ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የአዲስ አበባ ብርድ ቀልድ አያውቅም።

አንድ ጊዜ ከተያዘ ቢያንስ 1 ሰዓት ይቆይ። ማውጣትና ማስገባቱ ራሱ ስለሚያደክመው ለ15 ደቂቃ ብቻ መያዝ ከጥቅሙ ድካሙ ይበዛል። የብብቱ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ይሁን። ቴርሞሜትሩ እስኪመጣ እግሩን ዳሱ፤ ሆዱ ሞቆ እግሩ ከቀዘቀዘ መብረድ ጀምሯል ማለት ነው። አባት ጡት ስለሌለው አይደለም የሚቀረው፣ ስላልተነገረው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ሠራተኛ የሆነ አባት ከደመወዝ ጋር 3 ተከታታይ ቀን ፈቃድ አለው፤ እዚህ ይዋል።

ገና መያዝ ካልተፈቀደ ክንዳችሁን በማሞቂያው መስኮት አስገብታችሁ አንድ እጅ ጭንቅላቱን፣ ሌላው እግሩን ሰብሰብ አድርጎ ሳይንቀሳቀስ ይያዝ። ማሻሸትና መደባበስ የ28 ሳምንት ልጅን ያስጨንቀዋል፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ እጅ ያረጋጋዋል።

የሚያስደነግጠውና የሚያሳስበው

ክብደቱ ይቀንሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ከ10 እስከ 15 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ 1,600 የነበረው 1,400 ቢሆን የውሃ መውጣት ነው። በ2 ሳምንት ገደማ ይመልሳል።

ቆዳው ቢጫ ይሆናል። ያለ ጊዜው ከተወለዱት አብዛኞቹን ይይዛል፤ ዓይናቸው ተሸፍኖ ሰማያዊ መብራት ሥር የሚተኙት ለዚህ ነው። የዓይኑ መሸፈኛ አፍንጫው ላይ እንዳይወርድ ጠብቁ። የጠዋት ፀሐይ ይህን አይተካም፤ እርቃኑን ፀሐይ ላይ ማውጣት ያበርደዋል።

ወዲያው የሚነገረው ግን ይህ ነው፦ ሆዱ ተወጥሮ ያብለጨልጫል፣ አረንጓዴ ያስመልሳል፣ ሰገራው ደም አለው፣ ትናንት ሲወራጭ የነበረ ዛሬ ዝልፍልፍ ብሏል፣ ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ መቋረጥ ጀምሯል። «ዛሬ ልክ አይመስለኝም» ማለትም ይበቃል፤ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በዚሁ ነው።

እናትም ታካሚ ናት። ልጁ ያለ ጊዜው የተወለደው በእርግዝና የደም ግፊት ከሆነ አደጋው በወሊድ አያበቃም፤ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም ከመጣባት ራሷ ትታይ። በ1 ሰዓት ውስጥ አንድ ሞዴስ የሚያርስ ደም ወይም ትኩሳትም እንዲሁ። ልጇ ማሞቂያ ክፍል ስላለ የራሷን ቀጠሮ የምታሳልፍ እናት ብዙ ናት።

ቅቤ ማላስ፣ የሚጠጣ ጤና አዳም፣ ማር፣ ጠበል፣ ምንም ነገር ወደ አፉ አይግባ፤ ቅቤ ወደ ሳንባ ሲገባ ከባድ የሳንባ ምች ያስከትላል። አንገቱ ላይ ክር አይታሰር። ክርስትና የሚያስጨንቃቸው ወላጆች ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን የሚለውን ሲቆጥሩ ይጨነቃሉ፤ ሕይወቱ ለሚያሰጋ ሕፃን ግን ካህን ቀኑን ሳይጠብቅ ማጥመቅ ይችላል። ልጁ እንዳይበርደው ከሲስተሯ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። አዛን በጆሮው ለማለትም ከታጠበ እጅና ዝቅ ካለ ድምፅ በቀር የሚጠይቀው የለም።

ራውንድና ወረቀት

ሐኪሞቹ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ይዞራሉ። ያን ሰዓት ጠብቁና በየቀኑ ያንኑ ጠይቁ፦ ዛሬ ክብደቱ ስንት ነው፣ በየ3 ሰዓቱ ስንት ሚሊ ሊትር ይወስዳል፣ ኦክስጅኑ ከትናንት ጨመረ ወይስ ቀነሰ፣ ምን እየጠበቃችሁ ነው? በሥልጠና ላይ ያሉት ሐኪሞች፣ ኢንተርኑና ሬዚደንቱ፣ ስለሚቀያየሩ መልሱን በደብተር ጻፉ፤ በሦስተኛው ቀን ያ ደብተር ከማንም ትዝታ ይበልጣል።

በመንግሥት ተቋም የወሊድና የጨቅላ ሕፃን አገልግሎት ነፃ ነው፤ ያልተገኘ መድኃኒት ግን ከውጭ ግዙ መባል አለ። ከመውጣታችሁ በፊት የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና ስንት ፍሬ እንደሆነ አስነብቡ፤ ያው መድኃኒት በተለያየ መጠን ይሸጣልና አንድ ቁጥር መሳሳት ሌላ ምልልስ ነው። መጀመሪያ ከነማና ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችን ጠይቁ። የማብቂያ ቀኑን እዩ፣ ደረሰኝ ያዙ። የግል ሆስፒታል ከሆነ የአልጋው ዋጋ ብቻ ተነግሯችሁ አትፈርሙ፤ ኦክስጅን፣ ሲፓፕና ላቦራቶሪ በተናጠል ስንት እንደሆነ ይጻፍላችሁ።

የልደት ማሳወቂያ ወረቀቱን ከሆስፒታሉ ተቀበሉ፤ ወረዳ ላይ ለማስመዝገብ ያላችሁ 90 ቀን ነው፣ ልጁ ገና አልጋ ላይ ቢሆንም ቀኑ ይቆጥራል። በጣም ትንሽ ለተወለደ ወይም ኦክስጅን ለወሰደ ልጅ ደግሞ የዓይን መጋረጃው ከተወለደ በ4 ሳምንት ገደማ መታየት አለበት፤ ብዙዎች በዚያን ጊዜ ቤት ስለሚገቡ ይረሳል። ቀጠሮውን ከመውጣታችሁ በፊት አስይዙ፣ ቀኑ የተጻፈው በእኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ደግሞ እዚያው ጠይቁ።